ስለ እስያ ትንንሽ እንቁራሪቶች እና ዲኤንኤ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«መልካቸው አንድ ከሆነ ዝርያቸውም አንድ ነው»

ለረጅም ጊዜ እንዲህ ነበር የሚታሰበው። ፈረንሳዮቹ ተመራማሪዎች ዱሜሪል እና ቢብሮን እ.ኤ.አ. በ1841 ከሕንድ ማላባር ጠረፍ ለመጣች ጠባብ አፍ እንቁራሪት ዛሬ ማይክሮሃይላ ኦርናታ የምንላትን የዝርያ ስም ሰጡ። ከዚያ በኋላ ከፓኪስታን እስከ ታይዋን እና ደቡብ ጃፓን ድረስ የተገኙ መሰሎቿ በሙሉ በዚሁ ስም ተጠሩ። የጃፓኑ ተመራማሪ ማሳፉሚ ማትሱይ እና ባልደረቦቹ በ2005 የማይቶኮንድሪያ (የሕዋስ ኃይል ማመንጫ) ዲኤንኤያቸውን ሲያነጻጽሩ ግን ሦስት ዝርያዎች ሆነው ተገኙ፤ የደቡብ እስያዋ፣ የምሥራቅ እና ደቡብ ምሥራቅ እስያዋ፣ በደቡብ ጃፓን ያሉት የሪዩኪዩ ደሴቶቿ። ሁሉም ትንንሽ ናቸው፣ ኑሯቸውም ይመሳሰላል፤ መልካቸው ብዙም ባይለያይ አይገርምም።

«ዲኤንኤ የለየው ዝርያ ሁሉ አዲስ ነው»

የምሥራቋ ፊሲፔስ የሚለውን ስም ያገኘችው በ1884፣ የሪዩኪዩዋ ኦኪናቬንሲስ የሚለውን በ1901 ነው። ስሞቹ የኦርናታ ሌላ መጠሪያ ተደርገው ተትተው ነበር። ዲኤንኤው ከመሳቢያ አወጣቸው እንጂ አልፈጠራቸውም።

«ዲኤንኤ ካለ የሙዚየም ናሙና ምን ያደርጋል?»

ብዙ ያደርጋል። በ2010 ከቦርኒዮ ደሴት፣ ከማሌዥያዋ ሳራዋክ ግዛት፣ አንዲት ጉድ ተሰማች፤ ወንዶቹ ከ13 ሚሊ ሜትር የማያልፉ፣ ነፍሳት በሚበላ የገንቦ ቅርጽ ተክል ውስጥ የሚራቡ እንቁራሪቶች። ስሟም ማይክሮሃይላ ኔፐንቲኮላ ተባለ። በዓመቱ ማትሱይ ቦርኔንሲስ የሚለው የ1928 ስም የተሰጠባቸውን የድሮ ናሙናዎች መረመረ። ለካ እነሱም ይህችው ትንሿ ናቸው! የቆየው ስም ቅድሚያ ስላለው ኔፐንቲኮላ ቀረ። በስህተት ቦርኔንሲስ ስትባል የነበረችው ተለቅ ያለችው ደግሞ ማላንግ የሚል አዲስ ስም አገኘች። ዲኤንኤ ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ሊያሳይ ይችላል፤ ስሙ የማን እንደሆነ የሚወስነው ግን መጀመሪያ ስም የወጣበት ናሙና ነው። ችግሩ፣ ፎርማሊን በሚባለው ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ከቆየ ናሙና ዲኤንኤ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ አሁንም አጉሊ መነጽርና መለኪያ ይዞ መቀመጥ የግድ ነው።

«ልዩነቱ 3 በመቶ ካለፈ ሌላ ዝርያ ነው»

16ኤስ በሚባለው የማይቶኮንድሪያ ጂን ላይ 3 በመቶ ልዩነት ሲታይ ተመራማሪዎች ጆሯቸውን ያቆማሉ። ያ ግን ጥርጣሬ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። ሁለት ዝርያዎች ድሮ ተዳቅለው ከነበረ፣ የአንዷ ማይቶኮንድሪያ በሌላዋ አካል ውስጥ ሊገኝና ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ከሁለቱም ወላጆች የሚወረሱት የኒውክሊየስ (የሕዋስ እምብርት) ጂኖች፣ የአካል ልኬት እና የወንዶቹ ጩኸት አብረው ይታያሉ። እኔ ብጠየቅ ለጩኸቱ ትልቅ ቦታ እሰጣለሁ፤ ሴቷ አቻዋን የምትለየው በሱ ነውና።

«ለምርመራው እንቁራሪቷ የግድ መሞት አለባት»

ዝርያዋ አስቀድሞ ከታወቀ አፏን በጥጥ መጥረግ ሊበቃ ይችላል። ለአዲስ ዝርያ ግን ሙዚየም የሚቀመጥ ናሙና በአብዛኛው ይያዛል። ከእጭ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ከሚኖረው ባለጭራ የእንቁራሪት ልጅም፣ ከጭራው ትንሽ ቆርጦ መመርመር ይቻላል፤ እናቱን ጨርሶ የማይመስል እጭ የየትኛዋ ልጅ እንደሆነ የሚታወቀውም በዚህ መንገድ ነው።