«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ሲባል የትኛው ሥር ነው?

ባለፈው ሰሞን ሐዋሳ ውስጥ ስለ ሐይቁ ደለል በተጠራ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። የመጀመሪያው ተናጋሪ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ አበው» ብለው ጀመሩና፣ ከከተማዋ አመሠራረት ተነሥተው፣ በልጅነታቸው የበሉትን ዓሣ አስታውሰው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ዳርቻው ይጠረግ» በሚል ሐሳብ ዘጉ። ወደ ሐይቁ የሚገባው ውሃ ከየት እንደሚነሣ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

እኔ ይህን አባባል የተማርኩት ከወንዶ ገነት በላይ ባለው ተዳፋት ላይ፣ አያቴ ቤት ነው። ምንጩ የሚፈልቀው ከአንድ ያረጀ ዶቅማ ግርጌ ሲሆን፣ የዛፉ ሥሮች እንደ ጣት ተዘርግተው ዐይኑን አቅፈውት ነበር። ከቅርንጫፉ ላይ ጉሬዛ ቁልቁል ያየናል፤ እኛም ጎንበስ ብለን በቅል እየጨለፍን እንስራ እንሞላለን። ደንቡ ጥብቅ ነበር፦ ከዐይኑ የሚቀዳው ለመጠጥ ብቻ ነው፤ ከብት የሚጠጣው ዝቅ ብሎ ነው፤ ልብስ የሚታጠበው ከከብቱም በታች ነው። ከዶቅማው ቅርንጫፍ መቁረጥ ያስገሥጽ ነበር። በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባውን ባሕር ዛፍ ደግሞ፣ ለአጥርና ለቤት ሥራ ቢወዱትም፣ ምንጭ አጠገብ የሚተክለው ሰው አላየሁም።

ልጅ ነንና ሽቅብ መውጣቱን ስንፈራ ከብቱ ከሚጠጣበት ቀድተን የምንመለስበት ጊዜ ነበር። አያቴ ውሃውን በቅል ጨልፈው ወደ ብርሃን ያዩትና ሳይቆጡ ደጅ ላይ ይደፉታል። «ውሃን ከጥሩ» ይላሉ፤ ሌላ አይጨምሩም። እኛም እንስራችንን አንሥተን እንደገና ዳገቱን እንወጣለን።

«ጥሩ» የሚለው ቃል ዛሬ «መልካም» ማለት ብቻ መስሎ ይታየናል እንጂ ሥረ ነገሩ «ጠራ» ነው፤ በግእዝ «ጽሩይ» ከሚለው ጋር ዝምድና አለው። ስለዚህ አባባሉ «ከብዙው ቅዳ» አላለም፤ «ከጠራው ቅዳ» ነው ያለው። «ሥር» ደግሞ ሁለት ፊት አለው፦ የተክል ሥርም ነው፣ «ከዛፉ ሥር» እንደምንለው ግርጌም ነው። ሰዎች ሁለቱን ሐረጎች ለቤት መምቻ ሲባል የተጋቡ አድርገው ያስባሉ። እኔ ግን ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የተናገረ ሰው ቃል ናቸው እላለሁ፦ ውሃው የጠራው ዛፉ ሥር ስለ ሆነ ነው። አባባሉን ያወጣው ዳኛ ወይም ደብተራ ሳይሆን ውሃ ቀጂ፣ ምናልባትም እንስራ ያዘለች ሴት ናት ብዬም አምናለሁ። ማስረጃዬ የዶቅማው ምንጭና የአያቴ ቅል ብቻ ቢሆኑም ከዚህ እምነቴ ንቅንቅ አልልም።

የውሃ ነገርም ቢሆን ለቀጂዋ ይመሰክርላታል። በደን ውስጥ ዝናቡ አስቀድሞ ቅጠል ላይ ያርፋል፤ ቀጥሎ የረገፈው ቅጠል ይቀበለዋል፤ ከዚያም ሥሩ በከፈተው ቀዳዳ ቀስ ብሎ ወደ አፈር ይሰርግና በበጋ በምንጭ በኩል ይመለሳል። ደኑ ተመንጥሮ መሬቱ በእርሻና በከብት ኮቴ ሲጠቀጠቅ ግን፣ ያው ዝናብ አፈሩን ይዞ በአንድ ከሰዓት ይወርዳል፤ ክረምት ጎርፍ፣ በጋ ደረቅ ይሆናል።

«ዛፍ ራሱ ውሃ ይጠጣል» የሚሉ ሰዎችም ስሕተተኞች አይደሉም። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ሀባርድ ብሩክ በተባለ የደን ምርምር ቦታ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ላይ የአንድ ትንሽ ተፋሰስ ዛፎች በሙሉ ተቆርጠው እዚያው እንዲጋደሙ ተደረገ፤ ተመልሶ እንዳይበቅልም መድኃኒት ተረጨ። በመጀመሪያው ዓመት የጅረቱ ውሃ 40 በመቶ ገደማ ጨመረ። ነገር ግን ሥር ሲይዘው የኖረው ናይትሬት የተባለው የተክል ምግብ ከአፈሩ ታጥቦ ወጥቶ፣ በጅረቱ ውስጥ ያለው መጠን ለመጠጥ ውሃ ከተፈቀደው በላይ ሆነ። ውሃው በዛ፣ ጥሩነቱ ግን ሄደ። «ከብዙ» ያላለችው ቀጂ ይህን ያለ መለኪያ ታውቀው ነበር።

የሐዋሳም ጉዳይ ከዚህ አይርቅም። ከምሥራቁ ተራራ፣ ከወንዶ ገነት በኩል የሚወርዱት እንደ ወሻ ያሉ ጅረቶች ጨለለቃ ረግረግ ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ የሚፈሰው፣ ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ተቀብሎ ወደ ሐይቁ ይገባል። ጨለለቃ ራሱ ቀድሞ ሐይቅ ነበር፤ ከተራቆተው ተዳፋት የወረደው ደለል ሞልቶት ረግረግ ሆነ። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ በምድር ላይ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ከላይ የወረደ አፈር ሐይቁ ውስጥ ይቀራል። ዳርቻ መጥረግ የሚነቀፍ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን በአያቴ ደንብ ዳርቻው ከልብስ ማጠቢያውም በታች ነው።

አሁን አሁን ይህ አባባል የረጅም ንግግር ማሟሻ ሆኗል። ታሪክን ከጥንት መተረክ «ከሥሩ» መነሣት የሚመስለው ተናጋሪ ሞልቷል። በአያቴ አፍ ግን ትእዛዝ ነበር፤ የተባለ ልጅ እንስራውን አንሥቶ ይሄዳል። በዚያ ስብሰባ ላይ የነበርነው ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ በላስቲክ የታሸገ ውሃችንን ጠጥተን ወደ ሐይቁ ዳር ለምሳ ወረድን።