የማያልፍ አላፊ አግዳሚ፦ ግላዊነት ምንድን ነው?

ሰሞኑንም አንዱ ያንኑ ጻፈ። «ቤቱ ከመንገድ ይታያል፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል። ታዲያ ጉግል ፎቶ ቢያነሳው ምኑ ላይ ነው ግላዊነት የተነካው?» የሚያወራው ስለ ስትሪት ቪው ነው፤ ጉግል መንገዱንና ቤቱን ከመኪና ላይ ፎቶ እያነሳ ካርታው ላይ ለማንም የሚያሳይበት አገልግሎት ነው። እንዲህ ያለውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት እንጃ። ሥራዬ ካርታና ምስል ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ሰውዬው ግላዊነትን ከምስጢር ጋር አምታቷል። ምስጢር የተደበቀ ነገር ነው። የበራችሁ ቀለም ምስጢር አይደለም። ግላዊነት ግን ስለ እናንተ የሚታየውን ማን እንደሚሰበስበው፣ ለማን እንደሚያሳየውና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያቆየው ነው።

እስቲ ያንኑ አላፊ አግዳሚ እንያዘው። በረንዳችሁ ላይ የተሰጣውን ልብስ ያያል፤ ጥግ ሳይደርስ ይረሳዋል። እናንተም ታዩታላችሁ። አፍጥጦ ከቆመ «ምን ፈልገህ ነው?» ትሉታላችሁ። የስትሪት ቪው አላፊ አግዳሚ ግን ስሙ ብቻ ነው እንጂ አያልፍም። ያየውን ከነአድራሻው ይዞ ይቀመጣል። የማታውቁት ሰው ከሌላ አገር በእኩለ ሌሊት ቢጠይቀው ሳይሰለች ያሳየዋል።

ቁመቱስ? ካሜራው የሚተከለው ከመኪናው ጣሪያ በላይ ነው። ጃፓን ውስጥ ከፍታው 2.45 ሜትር ነበር። «በአጥር ላይ ግቢያችንን ያያል» የሚል ቅሬታ ሲበዛ፣ ጉግል በ2009 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በ40 ሳንቲሜትር ዝቅ አደረገው። የስዊዘርላንድ ፌዴራል ፍርድ ቤትም በ2012 እግረኛ ሊያየው የማይችለውን የታጠረ ግቢ ያለ ፈቃድ ማሳየት አይቻልም ብሏል። አስተያየት ሰጪው ሁለት ሜትር ተኩል የሚረዝም ጎረቤት ካለው ይንገረኝ።

ደግሞ በወዲያኛው ጫፍ «አሁን እያየኝ ነው» የሚሉ አሉ። ቀጥታ ስርጭት አይደለም። የተነሳበት ወርና ዓመት እዚያው ተጽፏል፤ ዓመታት ያለፉትም ሞልቷል።

«ይደበዝዝ የለ እንዴ?» ለሚለኝም ልመልስ። ሶፍትዌሩ የሚያደበዝዘው ፊትና ታርጋ ነው፤ እሱም ይስታል። በ2016 እንግሊዝ፣ ካምብሪጅ ውስጥ የላም ፊት አደብዝዞ ተስቆበታል። ቤት ግን ካልጠየቃችሁ አይደበዝዝም። አንዴ ከደበዘዘ ደግሞ አይመለስም፤ ነገ ቤቱን ልትሸጡ ከሆነ አስቡበት።

ጀርመን ውስጥ በ2010 አገልግሎቱ በ20 ከተሞች ሊጀመር ሲል 244,000 ገደማ ቤተሰቦች ቤታችን ይደብዝዝልን ብለው ጠየቁ። ተደበዘዘላቸው። ብዙም ሳይቆይ ኤሰን ከተማ ውስጥ የደበዘዙ ቤቶች ላይ እንቁላል ተወረወረ፤ የፖስታ ሳጥናቸው ላይ ጉግልን የሚያወድስ ወረቀት ተለጠፈ። ስክሪኑ ላይ ጭጋግ የለበሰው ቤት መንገዱ ላይ ቁልጭ ብሎ ቆሟል። አላፊ አግዳሚያችን «ይሄን ቤት አላሳይም» ያለው ጣቱን ወደ ቤቱ ቀስሮ ነበር።