ለስማርት ቤት የሚሆን የሽቦ ዝርጋታ ዕቅድ

ለስማርት ቤት የሚሆን የሽቦ ዝርጋታ ዕቅድ ማለት ቤት ሲሠራ ወይም ሲታደስ፣ ግድግዳው ገና ሳይለሰን፣ መብራቱንና መጋረጃውን፣ የክፍሉን ሙቀት፣ በሩንና ካሜራውን በጋራ የሚያዙት ኬብሎች በየት አልፈው የት እንደሚያርፉ መወሰን ነው። በተለመደው ዝርጋታ ፌዙ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) ራሱ በማብሪያ ማጥፊያው በኩል አልፎ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። እዚህ ግን ኃይልና ትዕዛዝ መንገዳቸው ሊለያይ ይችላል፤ የእያንዳንዱ መብራት ሽቦ ለብቻው እስከ ማከፋፈያ ሳጥኑ ይመጣል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቁልፍ ደግሞ በቀጭን ኬብል መልእክት ብቻ ይልካል።

አመጣጥ

በሰፊው የታወቀው የመጀመሪያው ዘዴ ኤክስ10 ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1975 ስኮትላንድ ውስጥ በፒኮ ኤሌክትሮኒክስ ተሠራ። ትዕዛዙን የሚልከው በዚያው በኃይል ሽቦው ላይ ነው፤ የተለዋዋጩ ቮልቴጅ ዜሮን በሚያቋርጥበት ቅጽበት የ120 ኪሎ ኸርዝ ምልክት ይጭንበታል። አዲስ ሽቦ አለመፈለጉ ትልቅ ጥቅሙ ነበር። ጉዳቱም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ምልክቱ ከአንዱ ፌዝ ወደ ሌላው ያለ ማገናኛ አይሻገርም፣ የኮምፒውተርና የቴሌቪዥን ማጣሪያዎችም ይውጡታል። አንዱ መብራት ሲታዘዝ ሌላው ዝም የሚልበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ይህ ነበር።

አውሮፓውያን ለትዕዛዙ የራሱን ሽቦ ሰጡት። ኢአይቢ የተባለውን ዘዴ የሚያስተባብረው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1990 ብራስልስ ውስጥ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1999 ኢአይቢ፣ ባቲባስና ኢኤችኤስ የተባሉት ሦስት ዘዴዎች ተዋህደው ዛሬ ኬኤንኤክስ የሚባለው መጣ፤ በ2006ም አይኤስኦ/አይኢሲ 14543-3 በሚል ዓለም አቀፍ ደረጃ ጸደቀ። ኬብሉ አረንጓዴ ልባስ አለው፤ ውስጡ 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ጥንድ ሽቦዎች አሉ። ቀዩና ጥቁሩ ወደ 29 ቮልት የሚጠጋ ቀጥተኛ ኃይልና መልእክቱን አብረው ይሸከማሉ፤ ቢጫና ነጩ ተጠባባቂ ናቸው። ፍጥነቱ በሰከንድ 9600 ቢት ብቻ ነው፤ ቁልፍ መጫኑን ለመንገር ግን ይተርፋል። አንድ መስመር ቅርንጫፎቹ ሁሉ ተደምረው ከ1000 ሜትር፣ ከኃይል ሰጪው እስከ ማንኛውም መሣሪያ ከ350 ሜትር፣ በሁለት መሣሪያዎች መካከል ከ700 ሜትር መብለጥ የለበትም። በመደበኛው አሠራር በአንድ የመስመር ክፍል ላይ 64 መሣሪያ ይገባል። እንደ ዛፍም እንደ ኮከብም መዘርጋት ይቻላል፤ ጫፉን ከመነሻው አገናኝቶ ቀለበት መሥራት ግን ክልክል ነው።

ከእነዚህ ሌላ ዚግቢ፣ ዜድ-ዌቭና እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ማተር የተባሉ፣ በአብዛኛው ያለ ሽቦ የሚሠሩ ዘዴዎች መጥተዋል።

ማብሪያ ማጥፊያው ጋ

በብዛት የሚረሳው ሽቦ ኒውትራል፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ ነው። በተለመደው ዝርጋታ ወደ ማብሪያው የሚወርዱት ፌዙና ወደ መብራቱ የሚመለሰው ብቻ ናቸው። ስማርት ማብሪያ ግን እሱም ኃይል ይፈልጋል፤ ኒውትራል ካጣ ትንሽ ኃይል በአምፖሉ በኩል አሾልኮ ይወስዳል። የድሮው አምፖል ይህ አይሰማውም ነበር፤ ኤልኢዲ ግን ጠፍቶ እያለ በደብዛዛው ይበራል ወይም ይርገበገባል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ማብሪያ ሳጥን ኒውትራል ይውረድ። ሳጥኑም ጥልቀቱ ቢያንስ 47 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በ35ቱ ውስጥ መሣሪያውን፣ ሽቦዎቹንና ማያያዣዎቹን መጠቅጠቅ ሽቦ ይሰብራል።

ሁሉም ቁልፍ በቀጭን ኬብል በሚሠራበት ቤት የኃይል ሽቦ ወደ ማብሪያዎቹ ይውረድ ወይስ አይውረድ የሚለው አከራካሪ ነው። አንዳንዶች ሥርዓቱ አንድ ቀን ቢነሳ ቤቱ እንዳይጨልም ይውረድ ይላሉ፤ ሌሎች አያስፈልግም ይላሉ። ከሳጥን እስከ ማከፋፈያው ባዶ ቱቦ ማኖሩ ሁለቱንም ወገን ሳያስታርቅ አይቀርም።

ኬብሎቹ

ለኔትወርክ ካት6 የተባለው ኬብል ይበቃል። እያንዳንዱ መስመር ከማዕከሉ ተነስቶ ሳይቀጠል ይደርሳል፤ ግድግዳ ውስጥ የሚቀረው እስከ 90 ሜትር ነው፣ የቀሩት 10 ሜትሮች ለጫፍ ኬብሎች ናቸው። ሲጎተት ከ110 ኒውተን በላይ ኃይል አይችልም፤ መታጠፊያውም ውስጣዊ ራዲየሱ ከኬብሉ ውፍረት 4 እጥፍ አይነስ። ሽቦው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የሆነ ኬብል ገበያው ላይ ሞልቷል። በምላጭ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ከሆነ እሱ ነው፤ ካሜራና ዋይፋይ ማሰራጫ በዚያው ኬብል ኃይል ሲያገኙ ይግላል፣ ጫፉም ላይ ቶሎ ይሰበራል። ለዋይፋይ ማሰራጫው ኮርኒስ ላይ፣ ለካሜራው ከውጭ ግድግዳ ላይ፣ ለደጁ ደወል ከበሩ አጠገብ መስመር ይታሰብ።

የኤልኢዲ ገመድ (እንደ ጥብጣብ ያለ ረጅም መብራት) ሲታቀድ ስሌቱ ቀድሞ ይሠራ። 60 ዋት የሚወስድ ገመድ ከኃይል መለወጫው 10 ሜትር ርቆ በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ቢገናኝ፣ ደርሶ መልሱ 20 ሜትር፣ ተቃውሞው 0.24 ኦም ገደማ ይሆናል። በ12 ቮልት ከሆነ 5 አምፔር ስለሚያልፍ 1.2 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ይህ አንድ አሥረኛው ነው፣ መደብዘዙም ለዓይን ይታያል። በ24 ቮልት ግን የሚጠፋው 0.6 ቮልት፣ ከመቶ 2.5 ብቻ ነው።

በሞተር የሚንቀሳቀስ መጋረጃ 4 ሽቦ ይፈልጋል፤ አንዱ ለመውጫ፣ አንዱ ለመውረጃ፣ ኒውትራልና የመሬት ሽቦ። ሁለት ሞተር በአንድ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ ትዕዛዝ የሚሠራ ማብሪያ) ላይ አጣምሮ ማሰር ሽቦ የቆጠበ ይመስላል፤ ቀድሞ የቆመው ሞተር ከሌላው በሚመለስበት ኃይል እየተገፋ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል።

ቱቦና ማከፋፈያ

ኮንዲዩት የሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ከመሣሪያው ሁሉ ዕድሜው ይረዝማል። ከ20 ሚሊ ሜትሩ ይልቅ 25ቱ ይመረጥ፤ ኬብሎቹ ከቱቦው ውስጥ ስፋት ከ40 በመቶ በላይ አይያዙ። በሁለት ኬብል መሳቢያ ሳጥኖች መካከል ከአራት ባለ 90 ዲግሪ መታጠፊያ በላይ ካለ ኬብሉ አይሳብም። ባዶ ቱቦ ሲባጎ ገብቶበት ይቀመጥ፣ ጫፉም ይደፈን፤ አርማታ ሲሞላ የገባ የሲሚንቶ ውሃ ደርቆ የዘጋውን ቱቦ የሚያድነው የለም። የኃይልና የኔትወርክ ኬብል በአንድ ቱቦ አይሄዱም፤ መሻገር ካለባቸው በ90 ዲግሪ ማዕዘን ይቆራረጡ።

ማከፋፈያ ሳጥኑ ላይ ጠባብነት የተለመደ ስህተት ነው። በሳጥኑ ውስጥ ቦታ የሚለካበት የአንድ ሞጁል ወርድ 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 8 መብራት የሚያዝ መቆጣጠሪያ እንደ አምራቹ ከ4 እስከ 8 ሞጁል ይይዛል። ዲመር (የብርሃን መጠን መቀነሻ) ስለሚግል ዙሪያው አየር ይፈልጋል። ሁሉም ተቆጥሮ ካበቃ በኋላ ሩብ ያህል ባዶ ቦታ ይቀር።

እድሳት ላይ ግድግዳ ለሚፈርስበት ክፍል ብቻ ሽቦ ይገባል፣ ለቀሪው ገመድ አልባው ያገለግላል።

ልስን ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ኬብል በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ቁጥር ይለጠፍበት፤ አንዱ ጫፍ ብቻ ከተጻፈበት ሌላው በልስን ሥራ ጊዜ ተቆርጦ ሲገኝ መለያ አይኖረውም። እያንዳንዱ ግድግዳም ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶ ይነሳ፤ ከወለሉና ከጥጉ ያለው ርቀት የማይነበብበት ፎቶ መሰርሰሪያ ለያዘ ሰው አይረዳም።