ሲኒየር ዊል ምንድን ነው?

በአሜሪካ ሃይስኩል 12ኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ ሲኒየር ይባላል። ሲኒየር ዊል ደግሞ ይኸው ተማሪ ትምህርት ቤቱን ሊሰናበት ሲል ለጓደኞቹ፣ ለታናናሾቹ፣ ለአስተማሪዎቹና ለቤተሰቡ የሚጽፈው የቀልድ ኑዛዜ ነው። «ኑዛዜዬን እየጻፍኩ ነው» የሚል የ18 ዓመት ልጅ እናቱን ማስደንገጡ አይቀርም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ቢያስረዳ መልካም ነው። ይሁንና አንድ ነገር ይለይ፦ ልጁ ከቀልዱ ውጭ የሚወዳቸውን ዕቃዎች በእውነት እያደለ፣ ከሰው እየራቀ፣ ተስፋ የቆረጠ ቃል እየተናገረ ከሆነ ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ምልክት ሊሆን ይችላል። ያኔ ቁጭ አድርጎ በግልጽ መጠየቅ፣ አሜሪካ ውስጥም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለበት ሰው እርዳታ ወደሚሰጠው የ988 ስልክ መስመር መደወል ያስፈልጋል።

ሳቁ የሚመጣው ከቅርጹ ነው። ጽሑፉ «እኔ እገሌ፣ አእምሮዬም አካሌም ጤናማ ሆኖ ሳለ፣ የሚከተለውን አወርሳለሁ» ብሎ በጠበቃ ቃል ይጀምራል። ከዚያ የሚወረሰው ንብረት በካፌቴሪያው መስኮት ሥር ያለች ወንበር፣ ወይም የተጣበቀ ሎከር በጉልበት ገፍቶ የመክፈት ዘዴ ይሆናል። ትልቅ አነጋገር ኢምንት ንብረት ላይ ሲያርፍ ያስቃል። ስለዚህ የመግቢያው ዐረፍተ ነገር ኮስተር ማለት አለበት፤ ከመጀመሪያው ቃል መቀለድ የጀመረ ኑዛዜ መሐል ላይ ኃይሉን ጨርሶ ይገኛል። ሕጋዊ ዋጋ እንደሌለው ሳይታለም የተፈታ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ 4 ምስክሮችን ሲጠይቅ፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች 2 ምስክሮችን ይጠይቃሉ።

ልማዱ የቆየ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በምርቃት ሰሞን ክላስ ዴይ የሚባል ቀን ነበር፤ የክፍሉ ታሪክ፣ ግጥም፣ «ትንቢት» እና ኑዛዜ ይነበብበት ነበር። ኑዛዜው ያን ጊዜ የጋራ ነበር፤ ተመራቂዎቹ በአንድ ድምፅ ለ11ኛ ክፍሎች ወንበራቸውንና ክብራቸውን ያወርሳሉ። እያንዳንዱ ተማሪ የየራሱን መጻፉ ከዚያ የመጣ ነው። ዛሬ በተማሪዎች ጋዜጣ የመጨረሻ እትም ወይም በዓመት መጽሐፉ ላይ ይወጣል፤ በስፖርት ቡድን፣ በማርሽ ባንድና በቲያትር ክበብ ደግሞ የመዝጊያ እራት ላይ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ከእኛ አገር የሚቀርበው የዩኒቨርሲቲ ጂሲዎች (ተመራቂዎች) በምርቃት መጽሔታቸው ከፎቷቸው ሥር የሚያሰፍሩት ላስት ወርድ ነው። ላስት ወርድ ግን ለአንባቢ ሁሉ ይነገራል። ሲኒየር ዊል ውስጥ እያንዳንዱ መስመር ባለቤት አለው፤ አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ጋዜጣዎች አብዛኛውን ጊዜ የቃል ገደብ ያወጣሉ። ገደቡ 100 ቃል ቢሆን መግቢያው 15 ያህሉን ይወስዳል። በቀረው 85 ቃል ከ5 ወይም ከ6 ሰው በላይ በወጉ አይስተናገድም፤ ለአንድ ሰው 15 ቃል ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። መጀመሪያ ስሞቹን መዘርዘር፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ ስም ጎን አንድ ቦታ፣ አንድ ዕቃ ወይም አንድ ልማድ መጻፍ ይሻላል። ከጎኑ ምንም የማይጻፍለት ስም ካለ ለዚያ ሰው ካርድ መጻፍ ይሻላል።

እንበልና የመጀመሪያው ረቂቅ «ለማርታ ደስታንና ስኬትን አወርሳለሁ» ይላል። ይህ የማንም ማርታ ነው። «ለማርታ፣ አውቶቡስ ሲያመልጣት በጂሙ ጀርባ የምታቋርጥበትን መንገድ፣ ከነጭቃው» ሲባል ግን ማርታ ራሷን ታገኛለች፤ መንገዱን የማያውቅ አንባቢም ቢሆን ጭቃው ይታየዋል። ጥሩ መስመር ለባለቤቱ ትዝታ፣ ለሌላው ሥዕል ይሆናል። ለባለቤቱ ብቻ የሚገባ ከሆነ አንባቢው ያልፈዋል፤ በየመስመሩ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ማንም እስከ መጨረሻው አያነበውም።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ቀልዱን በተቀባዩ ላይ ማሳረፍ ነው። «ለእገሌ ዲኦዶራንት አወርሳለሁ» የሚል መስመር በጓደኞች መካከል ተራ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ በጋዜጣ ሲወጣ ግን ልጁ በቀጣዩ ዓመት እዚያው ግቢ ውስጥ ይዞት ይኖራል፣ የጻፈው ግን ሄዷል። በስም ፋንታ ምህጻረ ቃል መጠቀምም አያድንም፤ በአንድ ክፍል ማን ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ስለ ፍቅር ግንኙነት፣ ስለ መጠጥና ዕፅ፣ ስለ ሰው መልክና ገንዘብ የሚጠቅሱ መስመሮች መጀመሪያ መሰረዝ አለባቸው። ቀልዱ በጸሐፊው ላይ ሲያርፍ ግን ማንንም አይጎዳም፦ «ለሚቀጥለው ግብ ጠባቂ ጓንቴን አወርሳለሁ፤ ኳስ ብዙ ስላልነካው አዲስ ነው»።

የዚህ ዓይነት ስድብ በመደጋገሙ ልማዱን ያቆሙ ትምህርት ቤቶች አሉ። ሌሎች እየመረመሩ ያወጣሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 እ.ኤ.አ. በሄዝልዉድ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ኃላፊዎች በትምህርት ቤቱ ስም የሚታተም ጋዜጣን አሳማኝ ትምህርታዊ ምክንያት ካላቸው ሊያርሙ ይችላሉ። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች ለተማሪ ጋዜጠኞች ሰፋ ያለ ነፃነት ሰጥተዋል፤ ስም ማጥፋት ግን እዚያም አልተፈቀደም። ስለዚህ በስም የተጠቀሰውን ሰው መስመሩን አስቀድሞ ማሳየት ነው። ከተሸማቀቀ ይሰረዝ፣ ክርክር አያስፈልግም።

ለቤተሰብ የሚጻፈው ክፍል ከጋዜጣው ይልቅ ቤት ቢነበብ ያምራል። ዋሽንግተን አካባቢም ሆነ ሌላ ከተማ የሐበሻ ልጅ ሲመረቅ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ኬክ ከመቆረሱ በፊት 3 ደቂቃ በቂ ነው። አያት ካሉ በአማርኛ ይሁን፣ ቅድሚያም ለእሳቸው ይሰጥ። አማርኛው ደግሞ እንግሊዝኛው የሌለው ጸጋ አለው፦ መናዘዝ ንብረት ማውረስም ነው፣ ኃጢአትን መናገርም ነው። ስለዚህ በአንድ ቃል ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል። «ለታናሽ እህቴ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ መታጠቢያ ቤቱን ለብቻዋ አውርሻለሁ። ለእማዬ፣ ‹ምሳህን በላህ?› ብላ የምትደውልበትን ሰዓት እንዳትቀይረው፤ ዩኒቨርሲቲም ሆኜ አነሳለሁ። ለአባዬ የሪሞቱን ባትሪዎች እመልሳለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ካልኩሌተሬ ውስጥ ነበሩ።»