ሳብዉፈርን ከዋናው ስፒከር ጋር ማስማማት

መድረክ ላይ ሙዚቃ ሲቀርብ ድምፁን ሁለት ዓይነት ስፒከሮች ይካፈሉታል። የዘፋኙን ድምፅ፣ ጊታሩንና ሲምባሉን ዋናው ስፒከር ይይዛል። ባለሙያዎቹ "ቶፕ" ይሉታል። ደረት ላይ የሚመታውን ወፍራም ድምፅ ደግሞ ሳብዉፈሩ፣ በአጭሩ "ሳቡ"፣ ይወስዳል። አድማጩ ግን ሁለት ሳጥን ሳይሆን አንድ ሙዚቃ ነው መስማት ያለበት። ማስማማት የሚባለው ሥራ ይኸው ነው።

ሁለቱ ሥራ የሚለዋወጡበት ድንበር ክሮስኦቨር ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 120 ኸርዝ (ድምፁ በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ባለው መካከል ይሆናል። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ስለሆነ በግልጽ የሳቡ ድርሻ ነው። ድንበሩን በጣም ከፍ ካደረጉት ግን የወንድ ዘፋኝ ድምፅ ግማሹ ከወለሉ የሚወጣ ይመስላል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ከቶፑ ላይ ባሱን መቁረጥን ነው። ሳብ ከገባ በኋላም ቶፑ ሙሉውን ድምፅ ሲጫወት ይገኛል። አንድ ስፒከር አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ፣ ማለትም ኸርዙ በግማሽ ያነሰ ድምፅ በዚያው ጉልበት ለማውጣት፣ ሸራው (የሚርገበገበው ክፍሉ) አራት እጥፍ ወደፊትና ወደኋላ መሄድ አለበት። ያ ሸክም ሲወርድለት ቶፑ እፎይ ይላል፤ የዘፋኙም ድምፅ ይጠራል።

ለመቁረጫው በብዛት የሚመረጠው የሊንክዊትዝ እና የራይሊ ማጣሪያ ነው። ሁለቱ መሐንዲሶች በ1976 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ነው። በተለመደው ዓይነቱ በየኦክታቩ 24 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይቆርጣል። ድንበሩ ላይ ሁለቱም ስፒከሮች 6 ዴሲቤል ዝቅ ይላሉ፤ ሲደመሩ ጉድለቱ ይሞላል። የሚሞላው ግን ሁለቱ ድምፆች እኩል ከደረሱ ነው። ጣጣው ያለውም እዚህ ላይ ነው።

የ100 ኸርዝ ሞገድ 3.4 ሜትር ያህል ይረዝማል። አንዱ ዙር 10 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ሳቡ ከመድረኩ ፊት ወለል ላይ፣ ቶፑ ደግሞ ከኋላው በ1.7 ሜትር ርቆ ቢቆም፣ ልዩነቱ 5 ሚሊሰከንድ ነው። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ተጣፉ ማለት ነው። በአንዱ በኩል ፖላሪቲ (የፕላስና የማይነስ አቅጣጫ) ከተገለበጠም ውጤቱ ያው ነው። የኪክ ድራሙ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ምት ይጠፋል። ያኔ ከኋላ "ባስ ጨምር!" የሚል ይነሳል። ይጨመራል። ታችኛው ጉምጉምታ ያብጣል እንጂ ጉድጓዱ አይሞላም። በእኔ ግምት፣ "ሳብ አነሰን" ከሚባልባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ የጎደላቸው ሳብ ሳይሆን ዲሌይ፣ ማለትም አንዱን ድምፅ በጥቂቱ ማዘግየት ነው።

መላው ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ርቀቱ በሜትር ይለካና አንዱ ሜትር በ3 ሚሊሰከንድ ተሰልቶ፣ ቀድሞ የሚደርሰው ስፒከር እንዲዘገይ ይደረጋል። ቀጥሎ አድማጮች መሃል ቆሞ፣ በድንበሩ ላይ ያለውን ቶን (አንድ ወጥ ድምፅ) ከሁለቱም በእኩል መጠን ማጫወት ነው። የሳቡን ፖላሪቲ ገልብጦ፣ ድምፁ በጣም እስኪደክም ዲሌዩን በጥቂቱ ማንቀሳቀስ። ከዚያ ፖላሪቲውን መመለስ። የተጣፋው ድምፅ ተደምሮ ይመጣል። ሜትሩን መጀመሪያ መለካቱ የግድ ነው። አለበለዚያ ቶኑ አንድ ሙሉ ዙር ተሳስቶም የተስማማ መስሎ ያታልላል። ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ ለቆሙበት ቦታ ነው የሚሠራው፤ ዳር ላይ ለተቀመጠው ርቀቱ ይለያል።

መጠኑን በተመለከተ፣ ጆሯችን ለወፍራም ድምፅ ደካማ ስለሆነ በመድረክ ሙዚቃ ሳቡን ከቶፑ ከፍ ማድረግ የተለመደ ነው። ለመግዣ ግን ዋትን ብቻ ማየት ያሳስታል። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ተመሳሳይ ሳብ ከነአምፑ ጎኑ ቢቆም ግን ወደ 6 ይደርሳል። ሁለቱን ግራና ቀኝ መበተን ለዓይን ቢያምርም፣ መሃሉ ላይ ባሱ ይከመራል፤ ወደ ጎን ሲሄዱ የሚጠፋባቸው ቦታዎች ይፈጠራሉ።

አንዳንድ ባለሙያዎች ደግሞ ሳቡን በሚክሰሩ ላይ በተለየ ኦግዚለሪ መስመር (የተመረጡ ድምፆች ብቻ የሚላኩበት ተጨማሪ መውጫ) ይመግቡታል። ኪኩ፣ ባስ ጊታሩና ኪቦርዱ ወደዚያ ይላካሉ። የዘፋኞቹ ማይክሮፎኖች አይላኩም፤ ስለዚህ የማይክ መነካካትና የንፋስ ድምፅ በሳቡ በኩል አይወጣም።