«ቀድሞ ከወጣ ጆሮ በኋላ የወጣ ቀንድ በለጠ»

በቅርቡ በዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቡና ይዘን ስለ አሜሪካ ፓርቲዎች የዕጩ ምርጫ ስንጨዋወት፣ አንድ ወዳጄ «ከአሁኑ የሚመራው ሰው አያሸንፍም፤ ቀድሞ ከወጣ ጆሮ በኋላ የወጣ ቀንድ በለጠ ይባል የለ!» ሲል ሰማሁት። ተረቱ ግን በኋላ የወጣ ሁሉ ይበልጣል አይልም።

ልጅ ሳለሁ አያቴ ማለዳ ላሟ ከመታለቧ በፊት ጥጃዋን በጉልበታቸው መካከል ይይዙና ከጆሮዋ ከፍ ብሎ ፀጉሩ የሚጠማዘዝበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ይዳስሱ ነበር። እጄን ይዘው እኔንም ያስዳስሱኝ ነበር፤ ከቆዳው ሥር የሽምብራ ፍሬ የምታክል ጠጣር ነገር ትገኛለች። መጀመሪያ ሲጫኗት ከቆዳው ጋር ወዲያ ወዲህ ትንሸራተታለች፤ ጥጃዋ ሁለት ወር ገደማ ሲሞላት ግን ከራስ ቅሉ አጥንት ጋር ትያያዝና ቢገፏት አትነቃነቅም። አያቴ «ቀንድ ሆነች» የሚሉት ያን ጊዜ ነው፤ ጎዳ (ቀንድ አልባ) ሆና የምትቀር ጥጃም አለችና ቀድመው አይናገሩም ነበር።

እኔ እንደማምነው ተረቱ የወጣው ከእረኛ አፍ ሳይሆን ቀንድ ፍቆ ዋንጫ ከሚሠራ ባለሙያ አፍ ነው። በሬው ሲታረድ ጆሮው ይጣላል፤ ቀንዱ ግን ተፍቆ፣ ተወልውሎ፣ በድግስ ቀን ጠላ ተሞልቶበት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። «በለጠ» የተባለውም ለርዝመቱ ሳይሆን ለዚህ አገልግሎቱ ይመስለኛል፤ ቃሉም «ይበልጣል» ሳይሆን «በለጠ» መሆኑ የሚነገረው ነገሩ ከታየ በኋላ እንደሆነ ያመለክታል።

እ.ኤ.አ. በ2007 በዴሞክራቶች የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ሂላሪ ክሊንተን ይመሩ ነበር፤ ጃንዋሪ 3 ቀን 2008 የዕጩ ምርጫው በተጀመረባት በአዮዋ ባራክ ኦባማ አንደኛ፣ ክሊንተን ሦስተኛ ሆኑ፤ ኦባማም ዕጩነቱን ሲያገኙ ተረቱ ልክ ቦታው ላይ አረፈ። የቀድሞው የኒው ዮርክ ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግም በኖቬምበር 2019 ዘግይተው ነበር የገቡት፤ ነገር ግን ብዙ ግዛቶች በአንድ ላይ ድምፅ በሰጡበት በማርች 3 ቀን 2020 ከትንሿ የፓስፊክ ደሴቶች ግዛት ከአሜሪካን ሳሞዋ በቀር አንድም ቦታ ሳያሸንፉ በማግሥቱ ከውድድሩ ወጡ። በአንጻሩ በ2019 አብዛኛውን ጊዜ ሲመሩ የቆዩት ጆ ባይደን በአዮዋ አራተኛ፣ በኒው ሃምፕሻየር አምስተኛ ሆነው እንኳ አልወደቁም፤ በሳውዝ ካሮላይና ጥቁር መራጮች ዘንድ የነበራቸው ድጋፍ ከአጥንት ጋር የተያያዘ ነበርና ፌብሩዋሪ 29 ቀን አሸንፈው መሪነታቸውን መለሱ።

ዛሬ ግን አንድ ዕጩ በተመዘገበ ማግሥት ቀንድ ተብሎ ይመረቃል፤ ከፊት ያለው ደግሞ ቀድሞ በመገኘቱ ብቻ ጆሮ ይባላል። ይህ ተረቱን ማጉደፍ ነው፤ ቅር ያሰኘኛልም። አያቴ ፍሬዋ ገና የምትንሸራተት ሆና ካገኟት ጥጃዋን ወደ እናቷ ለቀው «በሚመጣው ሳምንት እናያታለን» ይሉ ነበር።