ሎሪየንታሌ፦ የናፖሊው የምሥራቅ ጥናት ዩኒቨርሲቲ

ናፖሊ ከአንድ በላይ ዩኒቨርሲቲ ስላላት ሰው ብዙ ጊዜ ያምታታቸዋል። ትልቁ በ1224 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ካልተጠቀሰ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው) ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 2ኛ የመሠረተውና በስሙ የሚጠራው ፌዴሪኮ ሰኮንዶ ነው። ሎሪየንታሌ ከእሱ የተለየ፣ በመጠን በጣም የሚያንስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ቋንቋ፣ ታሪክ፣ አርኪዮሎጂና የማኅበረሰብ ጥናት ያስተምራል እንጂ ሕክምናም ሆነ ምህንድስና የለውም። በአውሮፓ የቻይና ጥናት ቀዳሚ ቤት መሆኑ በሰፊው ይታወቃል። አማርኛ ከአገሩ ውጭ ለረጅም ዘመን ከተሰጠባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ መሆኑ ግን በእኛ ዘንድ እምብዛም አልተጻፈም።

የቻይናውያን ኮሌጅ

መሥራቹ በ1682 ኤቦሊ የተወለደው ካህን ማቴዮ ሪፓ ነው። ከ1711 ጀምሮ በቤጂንግ ቤተ መንግሥት በሠዓሊነት አገለገለ፤ የንጉሠ ነገሥት ካንግሺን የበጋ ቤተ መንግሥት የሚያሳዩ 36 ሥዕሎችንም በመዳብ ሰሌዳ ቀርጾ አተመ። ካንግሺ ሲሞት ቤጂንግን ለቆ፣ አራት ቻይናውያን ልጆችንና አንድ መምህራቸውን ይዞ በ1724 ናፖሊ ገባ። ሐሳቡ አውሮፓውያን ሚስዮናውያን ቻይንኛን በቅጡ መናገር ስላቃታቸው፣ ቻይናውያኑን ራሳቸውን አስተምሮ ካህን አድርጎ ወደ አገራቸው መመለስ ነበር። ፈቃዱ ግን በቀላሉ አልተገኘም። ናፖሊ ያኔ በኦስትሪያ አገዛዝ ሥር ስለነበረች የቪየና ቤተ መንግሥትም የሮማ ቤተ ክህነትም መስማማት ነበረባቸው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንት 12ኛ ኮሌጁን ያጸደቁት በ1732 ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ልደቱን የሚቆጥረው ከዚሁ ዓመት ነው።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው ተማሪዎቹ የሚኖሩበት ኮሌጅ፣ ሁለተኛው ያለ ደመወዝ የሚያስተምሩ ካህናት ማኅበር ነው። ተማሪው አምስት ነገር ይሳላል፦ በድህነት መኖር፣ ለአለቆቹ መታዘዝ፣ ክህነት መቀበል፣ ሮማ በምሥራቅ ወደምትልከው ቦታ መሄድ፣ ሌላ የምንኩስና ማኅበር ሳይገባ ዕድሜ ልኩን ቤተ ክርስቲያኒቱን ማገልገል። የመጨረሻው ስለት ያለ ምክንያት አልተጨመረም፤ ተማሪው በብዙ ወጪ ከተማረ በኋላ ሌላ ማኅበር እንዳይወስደው ነው። ቆይቶም የሕንድና የኦቶማን ግዛት ልጆች ተጨምረዋል። በአጠቃላይ ከ100 በላይ ቻይናውያን በዚህ ቤት አልፈዋል።

የኮሌጁ ስም ከቤተ ክህነት ውጭ የገነነው በ1792 ነው። እንግሊዝ በሎርድ ማካርትኒ የሚመራ መልእክተኛ ወደ ቻይና ስትልክ በአገሯ ቻይንኛ የሚያውቅ ሰው አጣች። የመልእክቱ ጸሐፊ ጆርጅ ስታውንተን ናፖሊ ድረስ ወርዶ ሁለት አስተርጓሚዎች ከኮሌጁ ወሰደ። አንደኛው ቅጣት ፈርቶ ማካው ላይ ቀረ። ሁለተኛው፣ አባ ያዕቆብ ሊ፣ በ1793 በንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ ፊት ቆሞ አስተረጎመ። እንግሊዝኛ ስለማይችል ከእንግሊዞቹ ጋር የተግባባው በላቲንና በጣሊያንኛ ነበር። የታላላቅ መንግሥታት ንግግር በናፖሊ ልጅ አፍ ማለፉ ቤቱን እስከ ዛሬ ያኮራዋል።

ጣሊያን ከተዋሐደች በኋላ መንግሥት ኮሌጁን ወስዶ በ1868 «ንጉሣዊ የእስያ ኮሌጅ» አደረገው፤ በ1888 በወጣ ሕግ ደግሞ ሃይማኖታዊ መልኩ ቀርቶ የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም ሆነ። በአሁኑ የዩኒቨርሲቲ ስሙ መጠራት የጀመረው በ2002 ነው። የጥንቱ ግቢ በሳኒታ ሰፈር ሲሆን ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም «የቻይናውያን» ይባላል።

አማርኛ በናፖሊ

ጣሊያን ምጽዋን በ1885 ከያዘች ወዲህ አማርኛ የሚያውቅ ሹም አስፈለጋት፤ ትምህርቱ በናፖሊ ሥር የሰደደው ለዚህ ነው፣ ለእውቀት ፍቅር ብቻ አልነበረም። ፍራንቼስኮ ጋሊና የተባለው መምህር ሲያስተምር፣ የዘጌው ተወላጅ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1902 ረዳቱ ሆነው ገቡ። የናፖሊው ዘመን ለነጋድራስ ፍሬያማ ነበር፦ በ1905 በጣሊያንኛ የተጻፈ የአማርኛ ሰዋስው፣ በ1908 የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው ሥራቸው፣ በ1911 ስለ አማርኛ ግስ ብቻ የሚያትት መጽሐፍ ሮማ ላይ ታተሙላቸው። ከወራሪው ጋር ስለማበራቸው ብዙ ተብሏል፤ የመምህርነታቸው ዋጋ ግን በዚህ የሚሻር አይመስልም።

ከጋሊና ተማሪዎች አንዱ የናፖሊው ተወላጅ ኤንሪኮ ቼሩሊ ነበር። የኢትዮጵያ ጥናት ያለ እሱ ሥራዎች አይታሰብም። በወረራው ጊዜ የሸዋና የሐረር ገዥ ሆኖ ማገልገሉ፣ ኢትዮጵያም ከጦርነቱ በኋላ በጦር ወንጀል ከከሰሰቻቸው ሹማምንት መካከል መሆኑ አብሮ መነገር አለበት።

ከጦርነቱ በኋላ ሉዊጂ ፉዜላ፣ ላንፍራንኮ ሪቺና ያዕቆብ በየነ ወንበሩን ይዘዋል። በ1941 በካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት «ራሴኛ ዲ ስቱዲ ኤቲዮፒቺ»ም ከዚህ ቤት ጋር ተሳስሮ ይታተማል። ከአርኪዮሎጂው ወገን ሮዶልፎ ፋቶቪች ከቦስተን ዩኒቨርሲቲዋ ካትሪን ባርድ ጋር ከ1993 ጀምሮ አክሱም አጠገብ በቤተ ጊዮርጊስ ኮረብታ ቆፍረዋል። ውጤቱ ከአክሱም መንግሥት መነሣት ቀደም ብሎ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ባሉት የመጨረሻ ክፍለ ዘመናት በኮረብታው ላይ የተደራጀ ማኅበረሰብ እንደነበረ ያሳየ ነው።

የዛሬው ትምህርት

ሎሪየንታሌ አንድ አጥር ግቢ የለውም፤ ክፍሎቹ በመሐል ከተማ በየሕንፃው ተበትነዋል። የእስያና የአፍሪካ ትምህርት በአብዛኛው በሳን ዶሜኒኮ ማጆሬ አደባባይ በሚገኘው ፓላዞ ኮሪሊያኖ ይሰጣል። ከሕንፃው ሥር የጥንቷ የግሪክ ከተማ ቅጥር ፍርስራሽ ይገኛል።

የመጀመሪያ ዲግሪ 3 ዓመትና 180 ክሬዲት፣ ማስተርስ 2 ዓመትና 120 ክሬዲት ነው። አንድ ክሬዲት የክፍልና የግል ጥናት ተደምሮ 25 ሰዓት ሥራ ነው። ፈተና ከ30 ይታረማል፤ ማለፊያው 18 ነው። ውጤቱ ያላስደሰተው ተማሪ እንቢ ብሎ በሌላ ዙር ሊቀመጥ ይችላል። የምረቃ ውጤት ከ110 ነው፦ አማካዩ 27 የሆነ ተማሪ 27 በ110 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል በ99 ይነሣል፤ ቦርዱ በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ተመሥርቶ ጥቂት ነጥብ ይጨምርለታል።

የቋንቋ ፈተና የጽሑፍና የቃል ክፍል አለው፤ ጽሑፉን ያላለፈ ቃሉ ጋ አይደርስም። ብዙ ተማሪ ጽሑፉን እያስተላለፈ ሲያከማች ዓመቱ ያልፍና «ፉዎሪ ኮርሶ»፣ ከጊዜው ያለፈ ተማሪ፣ ይሆናል። አማርኛ ለጣሊያናውያን የሚከብደው በፊደሉ ብዛት ሳይሆን ፊደሉ ማጥበቅን ስለማያሳይ ነው፦ «ይበላል» ባለቤቱ ሰው ሲሆን ላልቶ፣ እንጀራ ሲሆን ጠብቆ መነበቡን ተማሪው ከዐውዱ መገመት አለበት።

ከኢትዮጵያ ለሚያመለክቱ

ከኢትዮጵያ የሚመጣ አመልካች በመጀመሪያ በ«ዩኒቨርሲታሊ» ድረ ገጽ ቅድመ ምዝገባ ያደርጋል፤ ዩኒቨርሲቲው ካጸደቀለት በኋላ ለተማሪ ቪዛ በኤምባሲ ያመለክታል። ጣሊያን በገባ በ8 የሥራ ቀን ውስጥ ለ«ሶጆርኖ» (የመኖሪያ ፈቃድ) በፖስታ ቤት ማመልከት ግዴታ ነው።

ፋይል የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ስም ነው። ጣሊያን የግልና የቤተሰብ ስም ለይታ ትጠይቃለች፤ በፓስፖርት ላይ የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ሲገባ፣ በትምህርት ማስረጃ ላይ ግን የአባት ስም ብቻ ሲኖር፣ ኮዲቼ ፊስካሌ (የግብር ቁጥር) በአንዱ ይወጣና ምዝገባው በሌላው ይቀራል። መፍትሔው ከጅምሩ በሁሉም ቅጽ ላይ የፓስፖርቱን አጻጻፍ መከተል ነው። ሁለተኛው ዘመን ነው፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለሚውል ቀን በኢትዮጵያ ዓመት ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል። ተርጓሚ ሁሉንም በ8 ሲደምር የልደት ዓመቱ ከፓስፖርቱ ጋር ይጋጫል።

የትምህርት ክፍያ የሚወሰነው በቤተሰብ ገቢ ነው። ገቢው ኢትዮጵያ ያለ ተማሪ የወላጆቹን የገቢና የንብረት ማስረጃ ተተርጉሞና ተረጋግጦ ይዞ መምጣት አለበት፤ ስሌቱን «ካፍ» የሚባሉት የግብር ጉዳይ ቢሮዎች ይሠራሉ። የካምፓኒያ ክልል የነፃ ትምህርትና የማደሪያ ድጋፍ የሚሰጠው «አዲሱርክ» በሚባለው መሥሪያ ቤት በኩል ሲሆን ማመልከቻው ከዩኒቨርሲቲው ምዝገባ የተለየ ነው። ወረቀቱን ናፖሊ ከደረሰ በኋላ ከአገር ቤት ማስላክ የሚጀምር ሰው ቀነ ገደቡ ብዙውን ጊዜ ያልፍበታል።